ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሰፈሩን በር ማን ይከፍታል? አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ሳይጉላሉ እንዲገቡ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ከእኛ ቤት ሦስተኛው ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ደረታቸውን ያዛቸው። ልጃቸው አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ አልዘገየም፤ ዝናቡንና የተቆፈረውን መንገድ አልፎ መጣና የሰፈራችን በር ላይ ቆመ። በሩ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ተቆልፏል፣ ጥበቃው ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ያለው ሊቀመንበሩ ቤት ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ሲተኙ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ጥበቃው ሮጦ ሄዶ፣ የቆርቆሮ በር ደብድቦ፣ ውሻ ጮኾበት፣ ቁልፉን ይዞ እስኪመለስ 11 ደቂቃ አለፈ። ደቂቃውን ያወቅነው ልጅቷና ሹፌሩ የተደዋወሉበት ሰዓት ስልኳ ላይ ስለቀረ ነው።

እናታችን ተርፈዋል። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። "ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሩ ተቆልፎ ቁልፉ በሊቀመንበሩ እጅ ይቀመጣል" የሚለውን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ። ያን ቀን ስንወስን ያሰብነው ስለ ሌባ ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ሌሊት በኋላ ያደረግነው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መግቢያውን በበር ለዘጋ የቪላ ሰፈር፣ ለሪል እስቴት፣ ለኮንዶሚኒየም ግቢም ይሆናል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትልቁ ወጪያችን ለበያጅ የከፈልነው ነው።

"ለጥቂት ደቂቃ ምን ያህል ያስጨንቃል?" የሚል ሰው በስብሰባ ላይ አይጠፋም። መልሱን ይዛችሁ ግቡ። ልብ ድንገት ቀጥ ሲል፣ ደረት የሚጫን ወይም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ ሰው ካልደረሰ የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። እሳትም ቢሆን አይጠብቅም። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ አንድ ክፍል ከመጀመሪያው ነበልባል ተነስቶ ሙሉ ለሙሉ እስኪያያዝ 5 ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። ምጥ የያዛትን ሴት ነገር ለወለደች አትነግሯትም።

1. ከቁልፉ ጀምሩ

ብዙ ሰው ሜትር ይዞ በሩን ከመለካት ይጀምራል። እኔ ከቁልፉ ጀምሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም ስድስት ሜትር የሚከፈት በርም ቢሆን ቁልፉ ከጠፋ ግድግዳ ነው። ደግሞም ይህ ዛሬ ማታ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ለአንድ ጓጉንቸር ቢያንስ ሦስት ቁልፍ ይኑር። አንደኛው ተረኛው ጥበቃ ላይ ነው፤ ምስማር ላይ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ፣ በገመድ አንገቱ ላይ ወይም ቀበቶው ላይ። ምስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ አንድ ቀን ከአንዱ ልጅ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጥበቃ ሲቀያየር ቁልፉን በደብተር ፈርሞ ይረከብ። ሁለተኛው ለበሩ በጣም ቅርብ በሆነውና ሰው በማይጠፋበት ቤት ይቀመጥ። ለእኛ ይህ ቤት ባለሱቁ ነው፤ እዚያው ያድራል፣ እንቅልፉም ቀላል ነው። ሦስተኛው ከሰፈሩ ተቃራኒ ጫፍ ካለ ቤት ይሁን፤ ጭስ አንዱን ጎን ቢዘጋ ሌላው ወገን መውጫ እንዲኖረው። ሊቀመንበሩ ከፈለጉ አራተኛ ይቀረጽላቸው፤ ብቸኛው ቁልፍ እሳቸው ጋር እንዳይሆን እንጂ።

የቁጥር ጓጉንቸር የሚመርጡ ሰፈሮች አሉ። ቁጥሩን ሁሉም ነዋሪ ስለሚያውቀው ቁልፍ ፍለጋ መሮጥ ይቀራል። ችግሩ በጨለማ ነው፤ ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ የደነገጠ ሰው እጅም ይንቀጠቀጣል። ከመረጣችሁት ከበሩ በላይ መብራት ይኑር፣ ቁጥሩም የቤት ሠራተኛና ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ይለወጥ።

ስለ ሰንሰለቱ ደግሞ ሰው የሚገረምበትን ነገር ልናገር፦ ሰንሰለቱ ቀጭን ይሁን። በጣም ወፍራምና የተጠናከረ ሰንሰለት ገዝታችሁ ከሆነ እሳት የሚያጠፉት ሰዎች ላይ ሥራ ጨምራችኋል። ቁልፉ ፈጽሞ ቢጠፋ በብረት መቁረጫ መቀስ ባንዴ የሚበጠስ ሰንሰለት በቂ ነው። መቀሱም ጥበቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይቀመጥ። ሌባ እንደሆነ በሰንሰለት አይመጣም፤ በአጥር ነው የሚዘለው።

ክረምት ላይ ጓጉንቸር ይዝጋል። ቁልፉ በእጃችን እያለ መክፈት ያቃተን ጊዜ ነበር፤ በወር አንድ ቀን ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ችግሩን ይፈታል። ፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ግን ትርፍ የለውም፤ ሌሊት ላይ ቋጠሮ መፍታት ሌላ ሥራ ነው።

በሞተር የሚንሸራተት ሪሞት ያለው በር ካላችሁ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ መብራት ሲጠፋስ? አብዛኞቹ ሞተሮች በትንሽ ቁልፍ ተለቀው በእጅ የሚገፉበት መንገድ አላቸው። ያቺ ትንሽ ቁልፍ ግን በሩ ሲገጠም ከመመሪያው ጋር ተጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ትቀራለች። ፈልጓት። ከዚያም ጥበቃው መብራቱን አጥፍታችሁ በፊታችሁ በእጁ ከፍቶ ያሳያችሁ። ሞተሩ ባትሪ ካለው በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ከገጠመው ባለሙያ ጠይቁና የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እዚያ የብዙ ሰፈር በር ላይ ኖክስ የሚባል ትንሽ የብረት ሣጥን አለ፤ የበሩ ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ሣጥኑን የሚከፍተው ደግሞ የእሳት አደጋ ጣቢያው ብቻ ነው። የሳይረን ድምፅ ሲሰማ ራሱ የሚከፈት በርም አለ። እኛ ጋር ያንን ሥራ የሚሠራው ጥበቃው ነው፤ ስለዚህ ወደ እሱ እንሂድ።

2. ጥበቃው እንዲከፍት በጽሑፍ ፍቀዱለት

ጥበቃው ቁልፍ ቢኖረውም ላይከፍት ይችላል። ለምን? ስለሚፈራ። "ከኮሚቴው ሳይፈቀድ ማታ መኪና እንዳታስገባ" ተብሏል። አንድ ዕቃ ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ስለዚህ አምቡላንስ መብራቱን እያብለጨለጨ ቢመጣም መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ አውጥቶ ማስፈቀድ ነው። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ ያዘዝነውን ነው የሚፈጽመው።

ስለዚህ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይወስን። የእኛ እንዲህ ይላል፦ "አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና ወይም በአስቸኳይ ሕመምተኛ የጫነ ማንኛውም መኪና ሲመጣ ጥበቃው ማንንም ሳያስፈቅድ ወዲያውኑ ይከፍታል። በዚህ ምክንያት አይጠየቅም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ነች። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተለብዶ በትልልቅ ፊደል ጥበቃ ቤት ውስጥ ይለጠፍ። ጥበቃው ማንበብ የማይችል ከሆነ ተቀምጣችሁ አስረዱት፣ እሱም መልሶ ይንገራችሁ።

"አምቡላንስ መስሎ ሌባ ቢገባስ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ተነስቶብናልም። ጥበቃው ይከፍታል፣ ታርጋውን ይጽፋል፣ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካ ሲነፋ ሰፈሩ ይነቃል፤ የነቃ ሰፈር ውስጥ ሌባ አይሠራም፣ ሕመምተኛም ከሆነ ረዳት ያገኛል።

ጥበቃ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ የተሞላ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የብረት መቀስ፣ የቤቶቹ ዝርዝር፣ የአስቸኳይ ስልክ ቁጥሮች። የጥበቃው ስልክ ካርድ ሳይኖረው እንዳያድር ኮሚቴው በየወሩ ትንሽ ይሙላለት። ይህንን ለመወሰን አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጅቶብናል፤ ገንዘቡ ግን አንድ ቤተሰብ ለቡና ከሚያወጣው አይበልጥም።

3. አሁን ሜትሩን አውጡ

የምትለኩት በሩን ሳይሆን ክፍተቱን ነው። ሁለቱም ክንፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ከአንዱ ክንፍ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው። ብዙ በር በማጠፊያው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አይሄድም፤ ወረቀት ላይ 4 ሜትር የተባለው በተግባር 3.40 ሆኖ ይገኛል።

ስንት ይበቃል? እንግሊዞች የቤት ግንባታ ደንባቸው ላይ ለእሳት አደጋ መኪና በር ቢያንስ 3.1 ሜትር፣ መንገድ 3.7 ሜትር፣ ከላይ 3.7 ሜትር ክፍት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት የእሳት ደንብ ግን መንገዱን 6.1 ሜትር፣ ከፍታውን 4.1 ሜትር ያደርገዋል። የአሜሪካው መለኪያ ለሰፋፊ መንገድ የተሠራ ነው፤ በኮብልስቶን መንገዳችን ላይ ካየነው ግማሹ ሰፈር ይወድቃል። እኔ የእንግሊዙን እንደ ዝቅተኛ ወስጄ፣ አዲስ በር የሚያሠራ ሰው ካለ ግን 4 ሜትር ንጹህ ክፍተት እንዲያደርግ እመክራለሁ። አምቡላንሱ በዚህ አይቸገርም፤ እኛ ጋር በብዛት የምናየው ላንድክሩዘር ወይም ሃይስ ነው፣ ወርዱ ከ2 ሜትር አያልፍም።

ትልቁ ችግር ያለው ከላይ ነው። ሰፈሮች ስማቸውን የሚጽፉበት የብረት ቅስት አለ አይደል? ያማረ፣ ቀለም የተቀባ። ብዙዎቹ ሲሠሩ ማንም አልለካቸውም። የእኛው 3.20 ሆኖ ተገኘ። በያጅ ጠርተን 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ አስደረግነው፤ ስሙ አሁንም ይነበባል። ከቅስቱ ሌላ ከምሰሶ ወደ ቤት የተዘረጋ የመብራትና የስልክ ሽቦ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሱቅ ሸራ አለ። በረጅም ደረቅ እንጨት 3.70 ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ ከበሩ እስከ መጨረሻው ቤት በመንገዱ መሃል ይዛችሁ ሂዱ። የመብራት ሽቦ ወዳለበት ግን አትቅረቡ፣ በዓይናችሁ ገምቱ። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ ካያችሁ ለመብራት አገልግሎቱ በ905 ንገሩ፤ ራሳችሁ አትንኩት። ቅርንጫፍ ግን የናንተ ሥራ ነው።

በሩ ወደ የት እንደሚከፈትም ተመልከቱ። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ መኪናው አፍንጫውን አስጠግቶ ሲቆም በሩ አይከፈትም፤ ሹፌሩ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ ከኋላው ደግሞ ታክሲ ቆሟል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ወይም የሚንሸራተት ይሻላል። የተከፈተው ክንፍ በንፋስ ተመልሶ መኪናው ላይ እንዳያርፍ የሚይዘው መንጠቆ መሬት ላይ አስበይዱ። በቃ፣ የበሩ ነገር ይኸው ነው።

4. መሬቱንና መታጠፊያውን ፈትሹ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 10,000 ሊትር የያዘ መኪና ውሃው ብቻ 10 ቶን ይመዝናል፣ መኪናው ሳይቆጠር። በሩ ሥር የሚያልፈው የዝናብ ቱቦ ክዳን ይህን ይችላል? ብዙ ጊዜ ክዳኑ ለቤት መኪና ታስቦ የተጣለ ቀጭን ኮንክሪት ነው። ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ብረቱ ወጥቶ ከታየ፣ ስትረግጡት የሚንኳኳ ከሆነ ቀይሩት። የእሳት አደጋ መኪና ጎማው ቱቦ ውስጥ ከገባ እናንተም እሳት ላይ ናችሁ፣ መንገዱም ተዘጋ።

ይህን ሁሉ በሜትር ከመለካት የሚያሳርፍ አንድ የሰፈር ፈተና አለ። የቆዩ ነዋሪዎችን "የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው የት ድረስ ይገባል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁሉም ያውቃል፤ በየትኛው ጥግ እንደሚቸገር፣ የማንን አጥር እንደላጠ፣ የት ቆሞ ቱቦ እንደሚዘረጋ። ውሃ የሚያመጣው ቦቴም እንዲሁ ነው። እነዚህ የገቡበት ቦታ የእሳት አደጋ መኪናም በአብዛኛው ይገባል፤ እነሱ ያልገቡበት ቦታ እሱም አይገባም። ከአሁን በኋላ ሲመጡ ከጎን ቆማችሁ ተመልከቱ፣ የተቸገሩበትን ጥግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

የማይገባበት ቤት ካለ አትደናገጡ፣ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁት። የእንግሊዙም የአሜሪካውም ደንብ መኪናው ከቆመበት እስከ ቤቱ 45 ሜትር አካባቢ ላይ ይገናኛሉ፤ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ የሚደርስበት ርቀት መሆኑ ነው። ስለዚህ መኪናው መቆም ከሚችልበት የመጨረሻ ቦታ ተነስታችሁ ቱቦው በሚሄድበት መንገድ፣ ጥጉን ዞራችሁ፣ በእግራችሁ ለኩ። በአጥር ላይ ቀጥታ የሚለካ ርቀት ዋጋ የለውም። ከ45 ሜትር የሚርቀው ቤት የትኛው እንደሆነ ዝርዝራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እነዚያ ቤቶች የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ከሌላው ቀድመው ይግዙ።

መውጫ የሌለው መንገድ ከ20 ሜትር ከበለጠ መዞሪያ ያስፈልገዋል ይላል የእንግሊዙ ደንብ። ከሌላችሁ አምቡላንሱ በኋላ ማርሽ ገብቶ በፊት እንዲወጣ አድርጉ፤ ባትሪ የያዘ አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ ይምራው። ሕመምተኛ ጭኖ በኋላ ማርሽ መውጣት ጊዜ ይበላል።

በግል የተሠሩ ከፍተኛ ጉብታዎችን ደግሞ አንድ በአንድ ቁጠሩ። መኪና የሚያዘገይ ጉብታ ጥሩ ነው፣ አምቡላንስ ውስጥ የተኛን የተሰበረ ሰው የሚያነጥር ግን ይነሳ።

5. ከበሩ በኋላ ያለው መንገድ

ሰፈር ውስጥ መንገድ የሚዘጉት ሦስት ናቸው፦ የቆመ መኪና፣ የግንባታ ዕቃ፣ ድንኳን።

መኪናው ይቀላል። በመንገዱ አንድ ጎን ብቻ ማቆምን ልማድ አድርጉ፣ ጥግ ላይ ግን በየትኛውም ጎን አይቆምም። ሰዉ ስልክ ቁጥሩን መስተዋት ላይ የሚያስቀምጥበት ልማድ ጥሩ ነው፤ ሌሊት ግን ስልኩ ይጠፋልና ከቁጥሩ ጎን የቤት ቁጥሩን ይጨምር። አሸዋና ጠጠር የሚያራግፍ ሰው ሌሊቱን እንዳያሳድር ወይም ቢያንስ 3.7 ሜትር እንዲተው ይነገረው። ይነገረው ያልኩት በትሕትና ነው፤ ጎረቤት ነው፣ ቤት መሥራት ደግሞ መከራ ነው።

ድንኳኑ ግን ከባድ ነው። ለለቅሶ የእድሩ ድንኳን መንገዱ ላይ ሲተከል ማንም "መንገድ ዘጋችሁ" ብሎ አይናገርም፤ ያስነውራል። ለሰርግም ለተዝካርም ያው ነው። እኛ ያደረግነው ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረን ድንኳኑ በሚተከልበት ቀን ሁለተኛው በር ቀን ከሌሊት ክፍት እንዲሆንና በዚያ በር አንድ ሰው እንዲቆም መስማማት ነው። ሁለተኛ በር የሌላችሁ ደግሞ ድንኳኑን ከአንዱ አጥር አስጠግታችሁ አምቡላንስ የምታልፍበትን 3 ሜትር ተዉ፤ ወንበሩን ማንሳት ይቻላል፣ የድንኳን ገመድ ግን በችኮላ አይፈታም። ለቅሶ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ራሱን መሳቱ የተለመደ ነው፤ አምቡላንስ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

6. የየቤቱ የግቢ በር

የሰፈሩ በር ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛ በር አለ፤ የግቢው። የእግረኛ በሩ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ቃሬዛው ራሱ 60 አካባቢ ነው፣ የሚሸከሙት ሰዎች እጅና ትከሻ ግን ቦታ ይፈልጋል። ከታች ያለውን የብረት ደፍ ተመልከቱ። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደፍ የቃሬዛ ጎማ ያስቆማል፤ ሰዎቹ ሕመምተኛውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ማሻገር ይኖርባቸዋል፣ በጨለማ ሲሆን ይሰናከላሉ። ደፉን ማስቆረጥ ካልፈለጋችሁ ትልቁን በር ክፈቱላቸው።

የቤት ቁጥሩ ከመንገድ የሚነበብ ይሁን። ቁጥሩ በአበባ ተሸፍኖ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በሚያንጸባርቅ ቀለም አዲስ ጻፉት፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ይታያል።

ውሻ! ይህን ጨርሶ የሚያስታውሰው የለም። ሌሊት የሚፈታ ውሻ ያለበት ግቢ የአምቡላንስ ሰው አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ስልክ ደውላችሁ እንደጨረሳችሁ ውሻውን እሰሩ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ያለበት ቤትም አለ። ዋሽንግተን ተቀምጠው እዚህ ቤት የሠሩ፣ ዘመድ ያስቀመጡ ወይም ዘግተው የሄዱ። ዝግ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ጎረቤት ማንን ይጠይቃል? ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች፦ የግቢ ቁልፍ አንድ የምታምኑት ጎረቤት ጋር ይኑር፣ ቆጣሪው የት እንዳለም ንገሩት፤ መብራቱን መጀመሪያ ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። የምትረዷቸው እናት ብቻቸውን ካሉ ደግሞ ይህ ክፍል ለናንተ ነው የተጻፈው።

7. ስልኩ ላይ የምትሉት

ቁጥሮቹን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ኮሚሽን 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ከግል ደግሞ ጠብታ አምቡላንስ 8035 አለ፣ ይህኛው የሚከፈልበት ነው።

ደዋይ ሁሉ ከጭንቀቱ ይጀምራል፦ "ኧረ በእግዚአብሔር ድረሱልኝ!" ተቀባዩ ግን የሚፈልገው ቦታውን ነው። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ተነግሮ እንዲቀር ከሱ ጀምሩ። እንዲህ፦

"ሰሚት ነኝ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የቪላ ሰፈር። የሚገቡት በበር 2 ነው፣ አረንጓዴው፣ ከሱቁ ጎን ያለው። በር 1 ማታ ዝግ ነው። ልጅ ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ላይ ይጠብቃችኋል። አባቴ ናቸው፣ 70 ዓመታቸው ነው፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል። ስልኬ ይኸው ነው፣ አልዘጋውም።"

"በር 2" ማለት እንድትችሉ በሮቹ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ሁለት ሦስት በር ያለው ሰፈር ትልቁ መከራ መኪናው ዝግ የሆነው በር ላይ መጥቶ መቆሙ ነው። በሮቹ ላይ ከሁለቱም በኩል ቁጥር ጻፉ። ማታ የሚዘጋው ላይ ደግሞ "ማታ ዝግ፣ በበር 2 ይግቡ" ብላችሁ ከቀስት ጋር ጨምሩበት። የክፍቱን በር ቦታ ጉግል ማፕ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በሰፈሩ ቴሌግራም ቡድን ላይ ከላይ ስቀሉት፤ ሹፌሩ ሲደውል ወዲያው መላክ ይቻላል። ማፑ ግን አንዳንዴ መኪናውን በጀርባ አጥር በኩል ይወስደዋል፤ አንድ ቀን ራሳችሁ ከአስፋልት ተነስታችሁ በሚለው መንገድ ንዱ።

አስፋልት ድረስ የሚወጣ ሰው ወጣት ይሁን፣ ባትሪ ይያዝ፣ መኪናው ሲመጣ ከፊት ይሩጥ እንጂ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ ለማሳየት አይሞክር። በር አስከፍቶ፣ መኪና አስገብቶ፣ ተናግሮ እስኪጨርስ ጊዜ ይሄዳል።

የሰፈሩን ንድፍ በእጅም ቢሆን ስላችሁ፣ በሮቹን፣ ስፋታቸውን፣ መኪና የማይገባበትን መንገድ አሳይታችሁ ለወረዳችሁና ቅርብ ላለው የእሳት አደጋ ጣቢያ ስጡ። ሰዎቹን ቀን ላይ መጥተው እንዲያዩ ጋብዟቸው። የዘጋችሁት መንገድ የሕዝብ ከሆነ ወረዳው ስለ በሩም የሚላችሁ ይኖራል፤ ከአደጋ በኋላ ከመስማት ቀድሞ መስማት ይሻላል።

8. ሌሊት ሞክሩት

ቀን የሚደረግ ሙከራ ጨዋታ ነው። ቀን ጥበቃው ነቅቷል፣ መብራት አለ፣ ልጆች መንገድ ያሳያሉ። እኛ የሞከርነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ለጥበቃው ሳንናገር ነው። አንድ ጎረቤት ፒክአፑን ይዞ ከሰፈር ወጣ፣ የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ መጥቶ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ሰዓት ያዝኩ። ለሙከራ ብላችሁ 939 ወይም 907 እንዳትደውሉ፤ መስመሩን የሚፈልግ ሰው አለ።

የምትይዙት ሦስት ሰዓት ነው፦ ከጥሩምባው እስከ ጥበቃው ብቅ ማለት፣ ከዚያ በሩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት፣ ከዚያ መኪናው የመጨረሻው ቤት በር ላይ እስኪቆም። የመጀመሪያው ጊዜ ጠቅላላው 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደ። ጥበቃው ነቅቶ ነበር፤ ቁልፉ ግን ጋቢው ሥር፣ ከሹራቡ ሥር፣ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ከልብስ በላይ እንዲያደርግ ተስማማን። ቀጥሎ አንድ ክንፍ ብቻ ከፍቶ ቆመ፣ ምክንያቱም የሌላው ክንፍ የታችኛው መቀርቀሪያ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ጉድጓዱን ጠርገን አጭር ቱቦ ቀበርንበት። ሁለተኛው ጥግ ላይ የቆመ አይሱዙ ነበር፤ ባለቤቱ እኛን እየረገመ በፒጃማ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገምነው። 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። አይሱዙው ቦታ ቀይሯል፣ ሁለቱም ክንፍ ተከፍቷል። ጥበቃ ሲቀየር፣ ክረምት ሲገባና በሩ ላይ ምንም ነገር በተሠራ ቁጥር እንደግመዋለን።

የቀረን የሊቀመንበሩ ውሻ ነው። እስካሁን ሌሊት ይፈታል፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል፣ ቃለ ጉባኤውንም የምጽፈው እኔው ነኝ።